ነዳጅ ቢወደድ የነዳጅ ጥገኝነት ይቀንሳልን?

ከሳሪስ አቦ ተነሥቶ በቃሊቲና በአቃቂ በኩል ወደ ቢሾፍቱ የሚዘልቀው ጎዳና ከአገራችን ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ነው። ከጅቡቲ ወደብ የሚመጡ ነዳጅ የጫኑ ቦቴዎች፣ ባለ ተሳቢ ከባድ መኪኖች፣ ከቱሉ ዲምቱና ከገላን መንደሮች ሠራተኛውን ወደ መሀል ከተማ የሚያመላልሱ ሚኒባሶች፣ ወደ ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃ የሚያደርሱ ኢሱዙዎች በዚሁ አካባቢ ይተላለፋሉ። በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ – አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው ከዚሁ ከቱሉ ዲምቱ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው የከተማው ቀላል ባቡር የደቡብ መስመር የሚያበቃውም ቃሊቲ ላይ ነው። ነዳጅ የሚያቃጥለውና ያለ ነዳጅ የሚሄደው ጎን ለጎን የሚታዩበት ሥፍራ በመሆኑ ለዛሬው ጥያቄያችን ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አይገኝም።

ጥያቄው የሚከተለው ነው። ነዳጅ ከውጭ የሚያስገቡ አገሮች ከነዳጅ ጥገኝነት እንዲላቀቁ ብዙ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት የሚያቀርቡት ምክር በነዳጅ ላይ የሚጣለውን ታክስ ከፍ ማድረግ ነው። ነዳጅ ሲወደድ ሰው በቁጠባ ይጠቀማል፤ ሌላ አማራጭም ይፈልጋል ይላሉ። ሐሳቡ ቀላልና አሳማኝ ይመስላል። ነገር ግን በቃሊቲ መንገድ ላይ በተግባር ሲፈተን ምን ያህል ይሠራል?

ጥገኝነት ሲባል ምን ማለት ነው?

ኢትዮጵያ የምትጠቀምበትን ቤንዚን፣ ናፍጣና የአውሮፕላን ነዳጅ በሙሉ ተጣርቶ ያለቀለት ሆኖ ከውጭ ታስገባለች። ቀድሞ በአሰብ የነበረው የነዳጅ ማጣሪያ ድፍድፍ ነዳጅ እየተቀበለ ያጣራ ነበር፤ እርሱም በ1989 ዓ.ም. ሥራውን አቆመ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ የነዳጁ ዋነኛ መግቢያ የጅቡቲ ወደብ ሆነ። ለዚህ ግዢ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይወጣል። ቡና፣ አበባ፣ የቅባት እህልና ወርቅ ተሽጠው የተገኘው የውጭ ምንዛሪ ለመድኃኒት፣ ለማዳበሪያና ለመለዋወጫ ከመዋሉ በፊት ነዳጅ ድርሻውን ይወስዳል።

ስለዚህ በእኛ አገር የነዳጅ ጥገኝነት ሁለት ገጽታዎች አሉት። አንደኛው፣ የዓለም ገበያ ሲናጋ አብረን የምንናጋ መሆናችን ነው። ሁለተኛው፣ ከነዳጁ ውስጥ ብዙው ናፍጣ፣ ማለትም የጭነት መኪና፣ የአውቶቡስ፣ የትራክተርና የጄኔሬተር ነዳጅ መሆኑ ነው። በበለጸጉ አገሮች ስለ ነዳጅ ታክስ ሲጻፍ በአንባቢው ዐይነ ኅሊና የሚመጣው የቤት መኪና ነው። በእኛ አገር ግን በመጀመሪያ መታየት ያለበት እህልና ሲሚንቶ የሚያጓጉዘው መኪና ነው።

ታክስ እንዴት ይሠራል?

እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አርተር ፒጉ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ቁም ነገር አስገንዝቧል። አንድ ሰው በሚፈጽመው ተግባር ሌሎች የሚጎዱ ከሆነ፣ የጉዳቱ ዋጋ በታክስ መልክ በራሱ ላይ ቢጫን ተግባሩን በመጠኑ ያደርጋል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ከዚህም ጋር ሳንባ የሚጎዳ ጥላሸት አለ። በማደያው የሚከፈለው ዋጋ ግን ይህን ጉዳት አያካትትም። የነዳጅ ታክስ ሳይንሳዊ መሠረቱ ይህ ነው።

ታክሱ ምን ያህል ፍጆታ እንደሚቀንስ ለመገመት የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ኢላስቲሲቲ የሚሉትን መለኪያ ይጠቀማሉ፤ በአማርኛ ተለጣጭነት ልንለው እንችላለን። ትርጉሙም ዋጋ በመቶኛ በዚህን ያህል ሲጨምር ተፈላጊው መጠን በመቶኛ ምን ያህል ይቀንሳል የሚል ነው። ጉድዊን፣ ዳርጌይና ሃንሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ቀደም ሲል የተሠሩ ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ የሚከተለውን አገኙ። የነዳጅ እውነተኛ ዋጋ በ10 በመቶ ጨምሮ በዚያው ሲጸና ፍጆታው በአንድ ዓመት ውስጥ በ2.5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ከበርካታ ዓመታት በኋላ ግን ቅናሹ ከ6 በመቶ ይበልጣል።

በአጭርና በረጅም ጊዜ መካከል ያለው ይህ ልዩነት የነገሩ ቁልፍ ነው። ነዳጅ ዛሬ ቢወደድ ሰው ነገ የሚያደርገው ነገር ትንሽ ነው፤ መኪናው ያው ነው፤ ቤቱም ሥራውም ባሉበት ናቸው። በአምስትና በአሥር ዓመት ግን ትንሽ ሞተር ያለው መኪና ይገዛል፣ ወደ ሥራው ቀርቦ ይሰፍራል፣ ወይም ባቡር ይለምዳል። እነዚህ ቁጥሮች በአመዛኙ ከበለጸጉ አገሮች የተገኙ መሆናቸውም መዘንጋት የለበትም። የሚመረጥ ባቡርና የሚቀየር መኪና ባለበት አገር የተለካ ተለጣጭነት እንዳለ ተነሥቶ ወደ አቃቂ ቃሊቲ ሊመጣ አይችልም።

በአንድ መንገድ ላይ ያሉ አራት ተጠቃሚዎች

ነገሩን በስሌት እንየው። በነዳጅ ላይ በሊትር 10 ብር ታክስ ተጨመረ እንበል። ቀጥሎ ያሉት የፍጆታ መጠኖች ለስሌት እንዲያመቹ የተወሰዱ ግምቶች ናቸው።

የመጀመሪያው ተጠቃሚ ብቻውን በቤት መኪና ከአቃቂ ወደ መሀል ከተማ 15 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው ነው። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ቢፈጅ ለአንድ ጉዞ 1.2 ሊትር ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ታክሱ 12 ብር ይሆንበታል። ይህ ሰው አማራጭ አለው። ጎረቤቱን አብሮ ሊጭን፣ ጉዞውን ሊቀንስ ወይም ሌላ መጓጓዣ ሊይዝ ይችላል።

ሁለተኛው 12 ተሳፋሪ የጫነ ሚኒባስ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ቢፈጅ ለዚያው መንገድ 1.8 ሊትር ያቃጥላል፤ ታክሱ 18 ብር ነው። ለ12 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 1 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሰዋል። በነፍስ ወከፍ ሲታይ ከቤት መኪናው አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው። ታክሱ በራሱ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ብዙ ነዳጅ የሚያቃጥል ብዙ ይከፍላልና። ሆኖም ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በወር ሃምሳ ጊዜ የሚከፈል ጭማሪ ቀላል አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተሳፋሪው ወደ ሥራ መሄዱን ሊተው አይችልም። የርሱ ፍላጎት የማይለጠጥ ነው።

ሦስተኛው ከጅቡቲ ወደ ቃሊቲ ጉምሩክ የሚመጣ ባለ ተሳቢ መኪና ነው። መንገዱ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 400 ሊትር ናፍጣ ቢፈጅ ታክሱ 4,000 ብር ይሆናል። 300 ኩንታል ከጫነ በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ 13 ብር ያህል ይጨመራል ማለት ነው። ባለ መኪናው ይህን ከኪሱ አይከፍልም፤ በጭነት ዋጋው ላይ ይጨምረዋል፤ ነጋዴውም በዕቃው ላይ ይጨምረዋል፤ መጨረሻ ላይ የሚከፍለው ሸማቹ ነው። ጭነቱ ግን አይቀንስም፤ የናፍጣው ፍጆታም እምብዛም አይቀንስም።

አራተኛው በመንገዱ ላይ የማይታይ፣ በመንገዱ ዳርና ዳር በሚኖሩ ቤቶች ውስጥ ያለ ተጠቃሚ ነው። በኬሮሲን ምድጃ የሚያበስል ቤተሰብ ኬሮሲን ሲወደድበት ወደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ካልተሻገረ ወደ ከሰል ይመለሳል። የነዳጅ ጥገኝነት ቀነሰ ሲባል ጫናው በደን ላይ ወደቀ ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ኬሮሲን ለብቻው ረክሶ ቢተው ከናፍጣ ጋር እየተቀላቀለ ይሸጣል። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በወጣው የዋጋ ማስተካከያ የናፍጣና የኬሮሲን ዋጋ በአዲስ አበባ እኩል 49 ብር ከ02 ሳንቲም የሆነው በከንቱ አይደለም። የአንድ ነዳጅ ዋጋ ለብቻው ሳይሆን ከሌሎቹ ጋር ተነጻጽሮ ነው የሰውን ጠባይ የሚለውጠው።

ከእነዚህ አራቱ መካከል ለታክሱ ፈጥኖ ፍጆታውን በመቀነስ የሚመልሰው አንደኛው ብቻ ነው። የቀሩት ሦስቱ ይከፍላሉ እንጂ አይቀንሱም፤ ወይም ወደሚብስ ነገር ይሸሻሉ።

ታሪካችን ምን ይላል?

አገራችን ስለ ነዳጅ ዋጋ የረጅም ጊዜ ልምድ አላት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 የአረብ ነዳጅ አምራቾች ማዕቀብ ሲጥሉ የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት አራት እጥፍ ያህል አደገ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቤንዚን ዋጋ በ50 በመቶ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። የመምህራንና የሌሎችም ጥያቄዎች ተደርበው ከተማዋ ተናወጠች። መንግሥት ጭማሪውን በከፊል ቢያነሣም ማዕበሉ አልበረደም፤ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ሥርዓቱ ወደቀ። አብዮቱን ያመጣው ነዳጅ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን መተኪያ በሌለበት ድንገት የመጣ የዋጋ ጭማሪ ፍጆታን ከመቀነሱ በፊት ሕዝብን እንደሚያስቆጣ ከዚህ በላይ ማስረጃ አይሻም።

ከዚያ ወዲህ የመጡት መንግሥታት ዋጋን በቁጥጥር ማቆየትን መረጡ። በ1993 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 247 የነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ፈንድ ተቋቋመ። የዓለም ዋጋ ሲወርድ ትርፉ ይጠራቀማል፤ ሲወጣ ፈንዱ ይደጉማል የሚል አሠራር ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 የአንድ በርሜል ድፍድፍ ዋጋ እስከ 147 ዶላር ሲወጣ ግን ፈንዱ በዕዳ ተዘፈቀ፤ በመስከረም 2001 ዓ.ም. የማደያ ዋጋ በአንድ ጊዜ በብርቱ ተጨመረ። በሳይንሱ ቋንቋ ድጎማ ማለት በተገላቢጦሽ የተጣለ ታክስ ነው። ነዳጅን ያረክሳል፣ ፍጆታን ያበረታታል፤ ከጎረቤት አገሮች ዋጋ በታች ሲሆንም ነዳጁ በኮንትሮባንድ ድንበር ይሻገራል።

በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት ጠቅላላ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ እያነሣ ድጎማው ለተመዘገቡ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ብቻ እንዲሰጥ ወሰነ። ክፍያውም በቴሌብር አማካይነት እንዲፈጸም ተደረገ። የቤንዚን ዋጋ ከ36 ብር ከ87 ሳንቲም ወደ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ከፍ አለ። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። እዚህ ላይ ተማሪዎች ልብ ልትሉት የሚገባ ጉዳይ አለ። በዚያው ዘመን የሌሎች ዕቃዎች ዋጋም ስለ ናረ የነዳጁ እውነተኛ ጭማሪ በወረቀት ላይ ከሚታየው ያነሰ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የታየው ጭማሪም ምንጩ በአብዛኛው ታክስ ሳይሆን የብር መዳከም ነው።

ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል?

በማደያ ቆሞ ለሚቀዳ ሰው የጭማሪው ምክንያት ልዩነት የለውም፤ አሥር ብር አሥር ብር ነው። ለአገር ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። የዓለም ዋጋ ጨምሮ ነዳጅ ሲወደድ ተጨማሪው ገንዘብ ወደ ሻጩ አገር ይሄዳል። በታክስ ምክንያት ሲወደድ ግን ገንዘቡ በአገር ውስጥ ይቀራል። ሸማቹ የሚጠይቀው ቁጠባ በሁለቱም አንድ ነው፤ ውጤቱ ግን አንድ አይደለም። የታክሱን ገንዘብ ይዞ አውቶቡስ መግዛት፣ ሐዲድ መጠገን፣ የኤሌክትሪክ መስመር መዘርጋት ይቻላል። ካልሆነ ደግሞ ገንዘቡ በጠቅላላው በጀት ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፤ ጥገኝነቱም በነበረበት ይቀጥላል።

የብሪታንያ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1999 የብሪታንያ መንግሥት የነዳጅ ታክስን ከዋጋ ግሽበት በላይ በየዓመቱ፣ በመጀመሪያ በ3 በመቶ፣ ኋላም እስከ 6 በመቶ ከፍ ያደርግ ነበር። ጭማሪው አስቀድሞ የታወቀና ቀስ በቀስ የሚሄድ በመሆኑ ሰው መኪና ሲገዛ የነገውን ዋጋ አስቦ እንዲገዛ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ የዓለም ዋጋም ሲጨመርበት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 የጭነት መኪና ነጂዎችና ገበሬዎች የነዳጅ ማከፋፈያዎችን ዘግተው አገሪቱን በቀናት ውስጥ አስጨነቋት። ከባድ መኪና መተኪያ ያጣ እንደ ሆነ በለንደንም በቃሊቲም ነገሩ አንድ ነው።

የመውጫው በር

እንግዲህ ጥያቄው ታክስ ይጣል ወይስ አይጣል ከሚለው ይልቅ፣ ነዳጅ የተወደደበት ሰው ወዴት ይሂድ ወደሚለው ይዞራል። የፊዚክስ ትምህርት እዚህ ላይ ይረዳናል።

ከላይ ያየነው ባለ ተሳቢ መኪና የፈጀው 400 ሊትር ናፍጣ በውስጡ 4,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል አለው። ሞተሩ ከዚህ ውስጥ 40 በመቶውን ወደ ሥራ ቢለውጥ 1,600 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህንኑ ሥራ በባትሪ ለመሥራት 1,800 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ መያዝ ያስፈልጋል። አንድ ኪሎ ግራም የባትሪ ጥቅል 0.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል ብንል የባትሪው ክብደት 9 ቶን፣ ማለትም 90 ኩንታል ይመጣል። ናፍጣው ራሱ ግን ከሦስት ኩንታል ተኩል አይበልጥም። ናፍጣን በረጅም መንገድ ላይ ለመተካት አስቸጋሪ ያደረገው ይህ ነው፤ ታክስ ይህን የተፈጥሮ ሕግ አይለውጠውም።

ባቡር ግን ባትሪ መሸከም አያስፈልገውም፤ ኃይሉን በቀጥታ ከተዘረጋው ሽቦ ይወስዳል። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው ሰበቃም የመኪና ጎማ በአስፋልት ላይ ከሚገጥመው ብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው የጅቡቲ ባቡር በአቃቂ ያልፍ ነበር። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ ከአቃቂ ብዙም በማይርቀው እንዶዴ ትልቅ የጭነት ጣቢያ አለው። ከጅቡቲ የሚመጣ እያንዳንዱ ኮንቴይነር ከመንገድ ወደ ሐዲድ በተሻገረ ቁጥር ናፍጣ ይድናል። ታክሱ ለሦስተኛው ተጠቃሚያችን ትርጉም የሚኖረው ባቡሩ በሰዓቱ ሲደርስና ኮንቴይነሩ ከጣቢያው እስከ መጋዘኑ ያለ መጉላላት ሲጓጓዝ ብቻ ነው።

የቤት መኪናን በተመለከተ ነገሩ ይቀላል። 8 ሊትር ቤንዚን 70 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ሲኖረው፣ የኤሌክትሪክ መኪና ግን ለዚያው 100 ኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃዋል። አገራችን በዚህ ረገድ የተጠቀመችበት መሣሪያ በነዳጁ ላይ ሳይሆን በተሽከርካሪው ላይ የተጣለ ታክስ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ሆኑ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ይህን በማድረግ ኢትዮጵያ በዓለም የመጀመሪያዋ ሆናለች። ኖርዌይም ከነዳጅ ሻጭ አገሮች አንዷ ሆና ሳለ በነዳጅ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጥላ የኤሌክትሪኩን ነፃ በማድረጓ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተሸጡት አዳዲስ የቤት መኪኖች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ነበሩ። ኖርዌይም እንደ እኛ ኤሌክትሪኳን የምታገኘው ከሞላ ጎደል ከውኃ ኃይል ነው።

የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ለአቃቂ አካባቢ እንግዳ አይደለም። የአገሪቱ የመጀመሪያ የውኃ ኃይል ማመንጫ የሆነው አባ ሳሙኤል የተሠራው በዚሁ በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው። ኃይሉ 6.6 ሜጋ ዋት ሲሆን ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 ታድሶ ዳግም ሥራ ጀመረ። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ኃይሉ አለ፤ የሚቀረው ከግድቡ እስከ ጎማው ያለው መንገድ ነው።

ያ መንገድ እንዴት እንደሚሰበር የቃሊቲው ቀላል ባቡር ያስተምረናል። መስመሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለሁለቱ መስመሮች 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። መለዋወጫው ያልተገዛበት አንዱ ምክንያት የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነው። የውጭ ምንዛሪውን ከሚወስዱት ዋነኞቹ አንዱ ደግሞ ነዳጅ ነው። ባቡሩ ሲቆም ተሳፋሪው ወደ ሚኒባስ ይመለሳል፤ ሚኒባሱ ነዳጅ ይፈልጋል፤ ነዳጁ ምንዛሪ ይበላል፤ ምንዛሪው ሲያልቅ ባቡሩ ሳይጠገን ይቀራል። ጥገኝነት ማለት ይህ አዙሪት ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ከፍ ያለ የነዳጅ ታክስ የነዳጅ ጥገኝነትን ይቀንሳልን? መልሱ፣ ይቀንሳል፤ ነገር ግን መተኪያ ባለበት ቦታ፣ ቀስ በቀስ ሲጣልና ገንዘቡ መተኪያውን ለመሥራት ሲውል ነው። መተኪያ በሌለበት ታክሱ የኑሮ ውድነት ይሆናል እንጂ ጥገኝነትን አይነካም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። በመጀመሪያ የቆሙት ባቡሮች ይንቀሳቀሱ፤ የጭነቱ ሐዲድ ይሙላ፤ ቤተሰቡ የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ ያግኝ። ታክሱ ከዚያ ጋር እኩል እየተራመደ ይምጣ።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህን ነገር በቁጥር ለመፈተን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከቃሊቲ አደባባይ አጠገብ ለአንድ ሰዓት ቆማችሁ በቤት መኪና፣ በሚኒባስ፣ በአውቶቡስና በባቡር ያለፈውን ሰው ለየብቻ ቁጠሩ፤ ከዚያም እያንዳንዱ በነፍስ ወከፍ ስንት ሊትር እንደ ፈጀ አስሉ። የማደያ ዋጋ በተለወጠ ቁጥር ቆጠራውን ድገሙት። ቁጥሩ ከተለወጠ የመንገዱ ሰው መሄጃ አለው ማለት ነው፤ ካልተለወጠ ግን በመጀመሪያ መሥራት ያለብን መሄጃውን ነው።